የኢፍጣር ግንብ

ረመዳን 1፣ ማክሰኞ

መምዱህ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንንም ሰብስቦ "ዘንድሮ ረመዳን ያለ ጩኸት ያልፋል" አለ። አለቃችን ሲጋራ ካጨሰ አስር ሰዓት አልፎታል። እስክሪብቶውን በሁለት ጣቱ መሀል ይዞ፣ አመድ የሚያራግፍ ይመስል ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ መታ ያደርገዋል። ሰርቨሮቹን የሚጠብቀው ዑበይዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የመጀመሪያው ጩኸት ከማን እንደሚመጣ እንወራረድ?" አለኝ።

የኢንተርኔት ጌማችን "ቀላዕ" ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። ሠላሳ ሰው አንድ ምሽግ ይይዛል፣ ሌላ ሠላሳ ሰው ሊነጥቀው ይመጣል። ከባስራ እስከ ካዛብላንካ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር ይኸው ነው። የትኛው ሰይፍ ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ በር በስንት ምት እንደሚሰበር የምወስነው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ እኛን "ሦስተኛ ፎቅ" ይሉናል፤ አማን ውስጥ ሽሜሳኒ ሰፈር ያለው ቢሯችን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ አንዱ ደርሶበት ነው። ነገር ሲበላሽ "ሦስተኛ ፎቅ ተኝቷል" ይባላል።

ከሥራ በኋላ ደግሞ በጌሙ ውስጥ ዘይቱና ነኝ። በኡም ሰቅር ቡድን፣ በጭልፊቶቹ ውስጥ፣ የግራ በር ጠባቂ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይህንን ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ቡድኑ ውስጥም ነሪማን የምትባል የሦስተኛ ፎቅ ሰው መሆኔን የሚያውቅ የለም። የገባሁት ለሥራ ነው፣ ተጫዋቹን ከቅርብ ለማየት። አሁንም ለሥራ ነው።

ረመዳን 3፣ ሐሙስ

ተዘረፍን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባስራ ላይ ፀሐይ ከእኛ ከአማን አርባ ስምንት ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች። ዛሬ በሩ ላይ የነበሩት ጃሲምና የባስራ ልጆች ናቸው። በቀላዕ አንድ ያልተጻፈ ልማድ አለ፦ የጠባቂዎቹ ከተማ ላይ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ የአጥቂው አለቃ ቻቱ ላይ "ሰህተይን" ብሎ ይጽፋል፣ በሉ፣ ይስማማችሁ እንደ ማለት ነው፤ ሠራዊቱንም ከበሩ ያርቃል። ጠባቂዎቹ በልተው ሲመለሱ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ይጽፋሉ፣ ጦርነቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ያዘዘ የለም። እኛም በሕጋችን ውስጥ አንዲት መስመር አልጻፍንበትም።

ዛሬ "ጭጋግ" የሚባል አዲስ ቡድን አዛኑን ጠብቆ ገባ። ሰባት ወር የያዝነው ምሽግ በአራት ደቂቃ ሄደ።

ጃሲም በማዳመጫው ይጮኻል፦ "እጄ እኮ ሾርባ ውስጥ ነው! ሰዎች፣ ሾርባ ውስጥ!" ተናደን ሳለ ሁላችንም ሳቅን።

ረመዳን 4፣ ዓርብ

የእረፍት ቀን ቢሆንም ቡድኑ ተሰብስቦ ዋለ። የካዛብላንካዋ ጊታ "ለሦስተኛ ፎቅ እንክሰሳቸው። ሕግ ያውጡበት" አለች።

ኡም ሰቅር እስክትጨርስ አዳመጧት። ዘርቃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። "እነሱን እንዳትጠሩብኝ" አሉ በመጨረሻ። "አሁን ሰው በመግሪብ ቆም የሚለው አፍሮ ነው። ሕግ ከሆነ ማን ያፍራል? ሁሉም ቀዳዳ ፍለጋ ነው የሚገባው። ጭጋግን ማንም እንዳያናግራቸው እናደርጋለን፤ በሳምንቱ ራሳቸው ይመጣሉ።"

"ሦስተኛ ፎቅማ ቢጠሩትም አይነሣም" አለ ጃሲም። እኔም ሳቅሁ።

ኢፍጣር ላይ እናቴ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አይታ "ማነው እሱ ሲጠራሽ የሚውለው?" አለች። "ሥራ ነው" አልኳት። "ሥራ አንቺን እንዲህ ያስቃል?" አለችና የመቅሉባውን ሩዝ ከድስቱ ትሪ ላይ ገለበጠች።

ረመዳን 6፣ እሁድ

ሐሳቡን ለመምዱህ አቀረብኩ። ጋሻ አልኩት። ተጫዋቹ መገለጫው ላይ በሞላው ከተማ መግሪብ ሲደርስ ለሠላሳ ደቂቃ አረንጓዴ ብርሃን ይሸፍነዋል፤ እሱ ማንንም አይመታም፣ ማንም አይመታውም፣ ማንም አይገፋውም። ሰው በሰላም ይበላል።

መምዱህ ከወንበሩ ተነሣ። "ይሄ ነው! ይሄ! እስከ ማክሰኞ ይድረስልኝ።"

ኡም ሰቅር እንዳይሆን ያሉትን እያወቅሁ ነው ያቀረብኩት። ግን ጃሲም እጁን ሾርባ ውስጥ አድርጎ ሲጮኽ አንዴ መስማቴ ይበቃኛል። ሰባት ወር የጠበቁትን ነገር እንዲያ መነጠቅ የለባቸውም። እኔ ላስተካክለው እየቻልኩ ለምን ዝም እላለሁ?

ዑበይዳ "ተጫዋቹ ከተማውን ሲቀይር ወዲያው እንዳይሠራለት የመጠበቂያ ጊዜ አናድርግበትም? ሦስት ቀን ምናምን?" አለ። ለዚያ ተጨማሪ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። "ከኢድ በኋላ" አልኩት።

ረመዳን 8፣ ማክሰኞ

ጋሻው ወጣ። ከሞሱል፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከኦራን ምስጋና እየጎረፈ ነው። አንዲት ሴት "በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ በላሁ" ብላ ጽፋለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ጭልፊቶቹም ምሽጋችንን አስመለሱ። ኡም ሰቅር ስለ ጋሻው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ቆንጆ ሥራ ነው። እስቲ እንየው።"

ረመዳን 9፣ ረቡዕ

ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ኡም ሰቅር "ልጆች፣ አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ" አሉ። ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበር። "ጋሻ የለበሰ ሰው አይመታም፣ አይገፋም። የምሽጉ በር የሁለት ሰው ስፋት አለው። ጋሻ የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ መሀል ቢቆሙስ?"

"ይዘጋል" አለ ጃሲም።

"ለሠላሳ ደቂቃ። ከዚያስ?"

ጊታ ገባትና ጮኸች። "ከዚያ ፀሐይ ወደኛ ትመጣለች!"

ከባስራ ይጀምራል። ሞሱል፣ አማን፣ አሌክሳንድሪያ እያለ እስከ ካዛብላንካ፤ የአንዱ ጋሻ ሳይወልቅ የሌላው ይለበሳል። ኡም ሰቅር ደቂቃውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስልተውት ነበር። የቀረው ከአሌክሳንድሪያ እስከ ቤንጋዚ ያለው የዘጠኝ ደቂቃ ክፍተት ብቻ ነው። "መሀላቸው ያለችው ቶብሩክ ትደፍነው ነበር። ቶብሩክ ማን አለን?"

ማንም የለንም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ጀመር። በዚህ መሀል አንድ ሰው ከተማ መቀየር ወዲያው እንደሚሠራ ቻቱ ላይ ጻፈ። ማን እንደጻፈው ልብ አላልኩም።

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ቶብሩክ ውስጥ ዘመድ አለን" አሉ ኡም ሰቅር። በሳቅ ሞትን።

ረመዳን 11፣ ዓርብ

አራት ሰዓት ከአስራ አንድ ደቂቃ! ጭጋግ አራት ሰዓት ከአስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሩን ሲደበድብ አመሸ። እኛ በሩ ላይ በየተራ ቆመን ቀጣይፍ የሚባለውን የረመዳን ጣፋጭ እንበላለን። ጃሲም በመሀል "ልጄ ክፍልፋይ አልገባትም፣ እሁድ ፈተና አለባት" ሲል ኡም ሰቅር ጦርነቱን ትተው ለልጅቷ በድምፅ አስረዷት። ሲሶና ሩብ ሲደመር። ከበሩ ውጭ ሠላሳ መጥረቢያ ይወርዳል።

እንዲህ ስቄ አላውቅም። የሚያሳስብ ነገር አለው፣ አውቃለሁ። እሁድ ቢሮ ስገባ አየዋለሁ።

ረመዳን 13፣ እሁድ

ሁሉም ቡድን ግንብ ሠርቷል። "የኢፍጣር ግንብ" የሚል ስም ወጥቶለታል። ከሦስት መቶ አስር ምሽጎች ትናንት የተነጠቀ አንድም የለም። ቶብሩክ ነዋሪ ነኝ የሚል አስራ ስድስት ሺህ ተጫዋች አለን።

መምዱህ ስክሪኑን እያየ ቆሟል። እስክሪብቶው ተሰብሯል።

የመጠበቂያ ጊዜውን አሁን ላስገባው ብል ጥቅም የለውም፤ ሁሉም ከተማውን ቀይሮ ጨርሷል። ዑበይዳ ወደ ሰርቨሮቹ ተመለሰ። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ረመዳን 15፣ ማክሰኞ

ምሽግ የማይነጠቅበት ጌም ሰለቻቸውና ቁጭ አሉ። አራት ሺህ ሰው መሣሪያውን አውርዶ ከየምሽጉ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሦስተኛ ፎቅ ጌማችንን መልስ"። ሐሳቡ የጊታ ነው፤ ሌሎቹ ቡድኖች ተከተሏት። ዘይቱናም ተቀምጣለች። ቢሮ ሆኜ በአንድ ስክሪን ተቀምጬ በሌላው ራሴን ከላይ አየሁ።

ሊፍቱ ውስጥ ከሌላ ክፍል የመጣች ልጅ ለጓደኛዋ "ይህን ያወጣው ሰው ኢፍጣር በልቶ አያውቅም መሰለኝ" ስትል ሰማሁ።

ረመዳን 16፣ ረቡዕ

መምዱህ ጠራኝ። "ይህን ግንብ የጀመረው ማነው? ስም እፈልጋለሁ። ያስተባበረውንም፣ ቀዳዳውን ያሳየውንም። አካውንታቸው ለዘለዓለም ይዘጋል። አንድ ሁለቱን ካየ ሌላው አርፎ ይጫወታል።"

"ሕግ አልጣሱም እኮ። ሕጉ ይፈቅዳል።"

"የቻት መዝገቡን አንቺ ነሽ የምታገላብጪው። እስከ ሰኞ።"

የሚዘጋው የኡም ሰቅር አካውንት ነው። ሰባት ዓመት። ልጃቸው ሰቅር ወደ ሳውዲ፣ ደማም ለሥራ ሲሄድ ከፍቶላቸው የሄደው ነው። እሱ አሁን አይጫወትም፤ እሳቸው ግን ቀሩ። እዚያ ውስጥ ያላቸው ምሽጉ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ሰው አላቸው።

አላስዘጋውም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ አላስዘጋውም።

ረመዳን 17፣ ሐሙስ

መዝገቡን ከፈትኩ። የረመዳን 9 የጭልፊቶች ቻት፦

"ዘይቱና፦ ከተማ መቀየር ወዲያው ነው የሚሠራው። መጠበቂያ አልተደረገበትም።"

እኔ ነኝ። ልብ አላልኩም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ፣ ማንም በማያየው ደብተር ላይ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ስጽፈው አውቄው ነበር። ኡም ሰቅር "ቶብሩክ ማን አለን?" ሲሉ መልሱ እጄ ላይ ነበር፣ መልስ እንዳላት ተማሪ እጄን አወጣሁ። በዚያች ደቂቃ ሦስተኛ ፎቅ የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ያሉት እነሱ ብቻ ነበሩ፣ እኔም ከእነሱ አንዷ።

"አልተደረገበትም።" ተጫዋች እንዲህ ይላል? ይህን የሚለው የሠራው ሰው ነው። ማንም ልብ ብሎ ቢያነበው ያውቀኝ ነበር።

ማጥፋት እችላለሁ። አንዲት መስመር ናት። ጠፍታ ብትገኝ የሚጠይቀኝ የለም፣ መዝገቡ የተሰጠው ለእኔ ነው። ያኔ የሚቀረው የኡም ሰቅር ስሌት ብቻ ነው፣ ጥፋቱም የእሳቸው ብቻ ይሆናል። ይህንን አስቤያለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስቤበታለሁ። አላጠፋሁትም፤ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረመዳን 19፣ ቅዳሜ

አልተጫወትኩም። ኡም ሰቅር መልእክት ልከውልኛል፦ "አንቺ ልጅ፣ ታመምሽ እንዴ? ግራ በሩ ላይ የሚቆም ጠፋ።"

"ትንሽ ደክሞኝ ነው" ብዬ መለስኩ።

"የምስር ሾርባ ጠጪ። ሎሚ አብዢበት።"

እናቴን የምስር ሾርባ ሥሪልኝ አልኳት። አትወጂውም አልነበር እንዴ እያለች ሠራችልኝ። ሎሚ አብዝቼ ጠጣሁ።

ረመዳን 21፣ ሰኞ

ነገርኩት። ለመምዱህ፣ ሁሉንም።

"ስም አመጣሽ?" አለ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበና "ይህቺ ዘይቱና ማናት?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ዓመት።"

"ለማን ነው የምትሠሪው አንቺ ሴትዮ?"

"ስማኝ፣ መምዱህ። ጋሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመጠበቂያ ጊዜውን ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዑበይዳ ነግሮኝ ነበር። ቀዳዳውን ያሳየኋቸውም እኔው። ኡም ሰቅር የሠሩት የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ሰጥተን መልሱን አገኛችሁ ብለን ልንቀጣቸው ነው?"

"ላባርርሽ እችላለሁ።"

"ትችላለህ። ከማባረርህ በፊት ግን ጋሻውን አንሣው። ሰው በራሱ አፍሮ ያደርገው የነበረውን ነገር ነው የነጠቅነው። የሴትየዋን አካውንት አትንካ። እና የቡድን አለቆቹን ጥራቸው፣ እዚህ፣ ፊት ለፊት ይንገሩን።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጋሻው ዛሬ ይነሣል" አለ። "ሴትየዋን አልነካም። የቡድን አለቆቹም አንድ ሰው መርጠው ይላኩ። አንቺ ለተጫዋቾቹ በስምሽ ትጽፊያለሽ፣ ምንም ሳትደብቂ። ዘይቱና ግን ትጠፋለች። ራስሽ ነሽ የምታጠፊያት። አሁን።"

"ረቡዕ።"

"ለምን ረቡዕ?"

"መጀመሪያ የምነግራቸው ሰዎች አሉ።"

ረመዳን 22፣ ማክሰኞ

ከተራዊሕ በኋላ ሁሉም ገብተው ነበር። ጊታ ስለ ጋሻው መነሣት እየዘፈነች ነው። "አንዴ ስሙኝ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስሜን፣ ፎቁን፣ ጋሻውን፣ ቶብሩክን። በልምምድ የያዝኩት ንግግር ነበረኝ፤ ከመሀሉ ጠፋብኝና እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ጃሲም ነው። "ሾርባዬን... ለሦስተኛ ፎቅ ነው እንዴ ስነግር የነበርኩት?" ቀልድ ይመስላል። ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ጊታ "ስንሰድባችሁ አብረሽን ትስቂ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ያስቅ ስለነበረ።" እውነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ አልነበረኝም።

ኡም ሰቅር "ሦስት ዓመት" አሉ። ቀጥለውም "የቡድኑ ደንብ ይታወቃል። ድምፅ ይሰጣል። አንቺ ውጪ" አሉ። ወጣሁ።

አለቀስኩ። ለሥራ ነው የገባሁት ስል ኖሬያለሁ፤ ለሥራ ለገባ ሰው ብዙ አለቀስኩ።

ረመዳን 23፣ ረቡዕ

ጠዋት ውጤቱ መጣ። አንድ ቃል፦ "ወጥተሻል።"

ከሰዓት ዘይቱናን አጠፋሁ። "እርግጠኛ ነዎት?" ይላል። ይህን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከአምስት ዓመት በፊት። አዎ።

ደብዳቤው በስሜ ወጣ። ስድቡን አነበብኩት። ሁሉንም። ዑበይዳ ጠረጴዛዬ ላይ ለኢፍጣር አንድ ዕቃ ተምር አስቀምጦ ሄደ።

ረመዳን 25፣ ዓርብ

ጋሻው ከተነሣ አራት ቀን። ትናንት በመግሪብ ሰዓት ሃያ አንድ ውጊያ ነበር። በአስራ ሰባቱ አጥቂው ቆመ። በአራቱ ገባ። መምዱህ ደውሎ "አራቱንስ?" አለኝ። "አራቱን ተጫዋቾቹ ያውቃሉ" አልኩት። "ምን ያደርጓቸዋል?" "እኔ እንጃ። አልነካውም።"

ስለ ሥራዬ መምዱህ እስካሁን የነገረኝ ነገር የለም። እሁድ እገባለሁ። አይ ካለኝ ያኔ እንተያያለን።

ረመዳን 27፣ እሁድ

ዑበይዳ በሩን ከፍቶ "እንግዳ አለሽ" አለ። የሚቀልድ ፊት አልነበረውም።

አጭር ሴት ናቸው፣ ኡም ሰቅር። እንዲህ አጭር ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነጭ ሒጃብ፣ ከዘርቃ በሁለት አውቶቡስ የመጣ የተጨማደደ ካፖርት፣ በክንዳቸው ሥር ፋይል። "እርስዎ ነዎት ነሪማን?" አሉ።

ድምፄን ሦስት ዓመት ሰምተውታል። "እኔ ነኝ።"

"ይቀመጡ" አሉኝ፣ በገዛ ቢሮዬ። ዘይቱናን አንቺ ልጅ ነበር የሚሏት። አሁን እርስዎ ሆንኩ።

ፋይሉ አስራ አንድ ገጽ ነው። የአስራ አንድ ቡድን አለቆች አቤቱታ፣ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ። ገጽ አንድ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለት ሕጎቼን በቀይ ሰረዟቸው። ስለ በሩ ስፋት ተከራከርኳቸው፤ "ያስረዱኝ" አሉ፣ አስረዳሁ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጠው በእርሳስ "ትክክል" ብለው ጻፉ። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አልቻልኩም፣ ጠየቅኋቸው። "ድምፁ ስንት ለስንት ነበር?"

"ሃያ ሁለት ለሰባት።"

"ሰባቱ እነማን ናቸው?"

"ለሦስተኛ ፎቅ ስም አልሰጥም።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይኔን አዩኝ።

"እኔ ከሃያ ሁለቱ ነኝ" አሉ። "ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። አካውንቴን ማን እንዳስተረፈው አውቃለሁ። እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"እሺ" አልኩ። ዓይኔን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ፣ እሳቸውም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። "ገጽ ሁለት። የድንጋይ ወንጫፊው ርቀት ተሳስቷል፤ ሒሳቡን ሠርቼ አምጥቻለሁ።"

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ።